የሕፃናት ማቆያ ለምን ውድ ይሆናል? ሦስት ሕፃን፣ አንድ ሰው፣ ሁለት እጅ

አንድ ቀን ሥራ ቦታ ስብሰባ ረዘመብኝና ልጄን ከማቆያ ለመውሰድ 40 ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። በሩን የከፈተችልኝ ተንከባካቢ ጃኬቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ነበር። ልጄ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ይቅርታ ስጠይቃት «ምንም አይደል፣ የእኔም ልጅ እናቴ ጋ ናት፤ ትጠብቀኛለች» አለችኝ። «እዚህ አታመጪያትም እንዴ?» አልኳት ሳላስበው። ሳቅ አለች። «በየትኛው ደመወዜ?»

መልሷ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔ በየወሩ የማቆያ ስከፍል ኪሴ ባዶ ይቀራል። ልጄን የምትይዝልኝ ሰው ደግሞ የገዛ ልጇን እዚያው ለማስገባት አቅም የላትም። ታዲያ ገንዘቡ የት ነው የሚገባው? መጀመሪያ የጠረጠርኩት የማቆያውን ባለቤት ነበር። ሰው ሲቸግረው ሌባ ይፈልጋል። ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ስሠራው ግን ሌባውን አጣሁት።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። በነገራችን ላይ፣ ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂሳቡ

ማቆያ ዋናው ወጪው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ሰው ስንት ሕፃን መያዝ ይችላል የሚለው ነው። ብዙ አገሮች ይህንን በሕግ ወስነውታል። በእንግሊዝ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት አንድ ተንከባካቢ ለሦስት ሕፃን ነው። ለሁለት ዓመት ልጆች አንድ ለአምስት ነው፤ እስከ 2023 ድረስ አንድ ለአራት ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ሲሆኑ አንድ ለስምንት ይደርሳል፤ የሠለጠነ መምህር ክፍሉ ውስጥ ካለ ደግሞ እስከ 13።

«ሦስት ምን አላት?» የሚል ሰው የስድስት ወር ሕፃናት ክፍል ውስጥ አንድ ጠዋት ይቀመጥ። አንደኛው ጡጦ ይዟል። ሁለተኛዋ ዳይፐሯ ሞልቷል። ሦስተኛው እንቅልፉ መጥቷል፣ ካልታቀፈ ደግሞ አይተኛም። ተንከባካቢዋ ዳይፐር ልትቀይር ጡጦ የያዘውን ስታስቀምጠው እሱም ያለቅሳል። በዚህ መሃል የእሳት አደጋ ደወል ቢጮህ ሦስቱንም ይዛ በየትኛው እጇ በሩን ትከፍታለች? ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይህን ሳያስቡ አልቀሩም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለየትኛውም አገር እንዲሠራ በገንዘብ ስም ሳይሆን በ100 እንቁጠር። ተንከባካቢዋ በወር 100 ታገኛለች እንበል። ወላጅ ስምንት ሰዓት ይሠራል፤ የመንገዱ ሲጨመርበት ልጁ ማቆያ የሚውለው አሥር ሰዓት ያህል ነው። በሳምንት 50 ሰዓት። ተንከባካቢዋ ግን የምትሠራው 40 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአንድ የሥራ ቦታ አንድ ሰው አይበቃም፣ አንድ ሰው ከሩብ ያስፈልጋል። 125 ሆነ። እሷም ትታመማለች፣ የዓመት ፈቃድ ትወጣለች፣ በምትኳ የሚገባ ሰው ይከፈለዋል። 135 እንበለው። ለሦስት ሕፃን ሲካፈል ለአንዱ 45 ይደርሰዋል። በዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ውሃና መብራት፣ ጽዳት፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስ፣ የኃላፊዋ ደመወዝ አለ። ይሄን ሁሉ ጠቅልለን በልጅ 20 ብቻ ብናደርገው ድምሩ 65 ይሆናል። ባለቤቱ ገና አምስት ሳንቲም አላተረፈም።

እንግዲህ ከተንከባካቢዋ ጋር እኩል ደመወዝ ያላት እናት ከ100 ውስጥ 65ቱን ለአንድ ልጅ ልትከፍል ነው። መንታ ከወለደች 130። «በየትኛው ደመወዜ?» ያስባለው ይሄ ነው።

ክፍያውን ለመቀነስ የሚነካካው ነገር ብዙ አይደለም። አንዱ ደመወዙ ነው። እሱ ቀድሞውንም ዝቅ ብሏል። በብዙ አገሮች የሕፃናት ተንከባካቢዎች በአገራቸው ዝቅተኛ ተከፋይ ከሆኑት ሠራተኞች መሃል ናቸው። የበለጠ ሲቀነስ ሰዎቹ ይሄዳሉ። ያቺ በሩን የከፈተችልኝ ሴት ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ቦታ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ገባች። ደመወዙ ትንሽ ይሻላል፣ ማታም በሰዓቷ ትወጣለች። እኔ ደስ አለኝላት። ልጄ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስሟን እየጠራ አለቀሰ። ለሕፃን የሰው መቀያየር ቀላል ነገር አይደለም፤ የለመደውን ፊት ማጣት ነው።

ሁለተኛው በአንድ ሰው ላይ ልጅ መጨመር ነው። ሦስቱን አምስት ብናደርጋቸው 135 ለአምስት ተካፍሎ 27 ይሆናል፣ 20 ሲጨመርበት 47። ወላጅ 18 አተረፈ። የተረፈው ገንዘብ ግን ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ ከመታቀፍ፣ ከመነጋገር፣ አንዳንዴም ከደኅንነት የተቀነሰ ነው። ሦስተኛው መንገድ ከወላጅና ከተንከባካቢ ውጪ ያለ ሌላ ሰው ወጪውን እንዲጋራ ማድረግ ነው። መንግሥት ወይም አሠሪ ማለት ነው። አራተኛ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም።

ማሽን የማይገባበት ሥራ

ቴሌቪዥን በየጊዜው ይረክሳል። ማቆያ ግን በየጊዜው ይወደዳል። ለምን?

በ1960ዎቹ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኢኮኖሚስቶች የሙዚቀኞችን ነገር ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። አራት ሰዎች የሚጫወቱትን የቤትሆቨን ሙዚቃ ዛሬም ለመጫወት አራት ሰው ያስፈልጋል። የሚፈጀውም ጊዜ ያው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ከድሮው ብዙ እጥፍ ሆኗል፤ ደመወዙም አብሮ አድጓል። ሙዚቀኛው በድሮ ደመወዙ ይኑር ቢባል ቫዮሊኑን ጥሎ ፋብሪካ ይገባል። ስለዚህ ምርቱ ሳይጨምር ደመወዙ መጨመር አለበት። የትኬቱ ዋጋ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ማቆያም እንደዚያው ነው። ዛሬም ሕፃን የሚያቅፈው ሰው ነው፣ ዛሬም ሁለት እጅ ነው ያለው። ሶፍትዌር መዝገብ ይይዛል፣ ፎቶ ለወላጅ ይልካል፤ ዳይፐር አይቀይርም። «ገበያው ሲሰፋ፣ ፉክክር ሲመጣ ይረክሳል» የሚለውን ተስፋ እኔ ብዙም የማልወስደው በዚህ ምክንያት ነው። ፉክክር ትርፍን ይቀንሳል። እዚህ ግን የሚቀነስ ብዙ ትርፍ የለም።

አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገርም አለ። ከላይ ባለው ሂሳብ አንድ ለስምንት የሚያዙት የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ቢሆኑ 135 ለስምንት ተካፍሎ 17 ይሆናል፤ 20 ሲጨመር 37። ብዙ ማቆያዎች ከትልልቆቹ ልጆች ትንሽ ከፍ አድርገው ያስከፍሉና በዚያ የጨቅላዎቹን ክፍል ይደጉማሉ። ታዲያ መንግሥት መጥቶ «የአራት ዓመት ልጆች ከዛሬ ጀምሮ በነፃ ትምህርት ቤት ይገባሉ» ሲል ምን ይሆናል? ለእነዚያ ወላጆች ግልግል ነው። ማቆያው ግን የሚያተርፍባቸውን ልጆች አጣ። ወይ የጨቅላዎቹን ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ክፍላቸውን ይዘጋል። በደግ ሐሳብ የወጣ ፖሊሲ ሌላ ቤት ውስጥ እንዲህ ያስለቅሳል።

ሌላው ጣጣ ጊዜው ነው። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ባለባቸው አገሮች ወላጅ ለመቆጠብ 18 ዓመት አለው፤ ተማሪውም ይበደራል። ለማቆያ ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወር ነው። ወጪው የሚመጣው አብዛኛው ወላጅ ሥራ ላይ ገና ጀማሪ በሆነበት፣ ኪራይ በሚያንገዳግደው ዕድሜ ነው። የሁለት ዓመት ልጅን «ወደፊት ይከፍላል» ብሎ የሚያበድር ባንክ ደግሞ የለም።

«ለ15 ነው የምደክመው?»

ብዙ ቤት ውስጥ ውይይቱ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ልጁ ተኝቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ስልክ አለ፣ ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ተከፍቷል። የእሷ ደመወዝ 100፤ ሲቀነስ ማቆያ 65፤ ሲቀነስ ግብርና ትራንስፖርት 20። ቀሪ 15። «ለ15 ብዬ ነው ልጄን ለሰው ሰጥቼ የምደክመው?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ቁጥሩ ቁጥር ነው።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ 65ቱ ለምንድን ነው ከእሷ ደመወዝ ላይ ብቻ የተቀነሰው? ልጁ የሁለቱም ነው። ከሁለቱ ደመወዝ ድምር ላይ ቢቀነስ ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ካልኩሌተሩ የሚያሳየው የዚህን ወር ነው። ማቆያ የሚከፈለው ለጥቂት ዓመታት ነው። ከሥራ የወጣ ሰው ግን የሚያጣው የእነዚያን ዓመታት ደመወዝ ብቻ አይደለም። የደረጃ ዕድገቱ ይቀራል፣ ጡረታው ይሳሳል፣ ሲመለስ ከታች ይጀምራል።

በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰደችው ክላውዲያ ጎልዲን የሴቶችንና የወንዶችን የገቢ ልዩነት ስታጠና የዛሬው ልዩነት አብዛኛው የሚፈጠረው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ እንደሆነ አሳይታለች። በዴንማርክ መረጃ የተሠራ ሌላ ታዋቂ ጥናት ደግሞ የእናቶች ገቢ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ከአባቶች አንፃር በዘላቂነት 20 በመቶ ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር አገኘ። ዴንማርክ ማቆያ በደንብ ከሚደጎምባቸው አገሮች አንዷ ናት! ስለዚህ ማቆያ ማርከስ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ልጅ ሲታመም ከሥራ ቀርቶ የሚሄደው ማነው የሚለው ጥያቄ ቤት ውስጥ ነው የሚመለሰው።

ቤት መዋል የመረጠ ወላጅ አለ፣ እናትም አባትም። ምርጫው ያለው ሰው ጥሩ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ በ15 ምክንያት ተገዶ «መረጥኩ» የሚለው ነው።

የዚህ ሥራ ክብደት የሚታየው ሲቆም ነው። ኦክቶበር 24 ቀን 1975 የአይስላንድ ሴቶች 90 በመቶ ያህሉ የደመወዝም የቤትም ሥራ አቁመው ወጡ። መዋለ ሕፃናት ተዘጉ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። ሬዲዮ ላይ ዜና ሲነበብ ከጀርባ የሚጫወቱ ልጆች ድምፅ ይሰማ ነበር ይባላል። አንድ ቀን ነው ይሄ ሁሉ የሆነው።

ሦስተኛው ሰው ሲገባ

መንግሥት ሲረዳ በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። ወይ ገንዘቡን ለወላጅ ይሰጣል፣ በድጎማ ወይም በግብር ቅናሽ። ወይ ለማቆያው ይሰጥና ወላጅ የሚከፍለውን ራሱ ይተምናል።

የመጀመሪያው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ወላጅም የፈለገበት ይወስደዋል። ጣጣው ቦታ በሌለበት ገንዘብ ሲበተን ነው። አሥር ቦታና ሃያ ፈላጊ ባለበት ሁሉም ኪስ ውስጥ ተጨማሪ 20 ቢገባ ዋጋው ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ቦታው አይጨምርም። ድጎማው በወላጅ በኩል ገብቶ በኪራይና በክፍያ ይወጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ኤቢሲ ለርኒንግ የሚባል ድርጅት በዚህ ዓይነት የድጎማ ገንዘብ ተንተርሶ፣ በብድር እየገዛ፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ ማቆያዎች ባለቤት ሆኖ ነበር። በ2008 ወደቀ። ማቆያዎቹ በአንድ ጊዜ እንዳይዘጉ መንግሥት ገንዘብ ማውጣት ግድ ሆነበት።

ሁለተኛውን መንገድ ስዊድን ከ2002 ጀምሮ ጣሪያ አበጅታለታለች። የመጀመሪያ ልጅ ክፍያ ከቤተሰቡ ገቢ 3 በመቶ፣ የሁለተኛው 2፣ የሦስተኛው 1 በመቶ አይበልጥም፤ ለአራተኛው አይከፈልም። ለስሌቱ የሚያዘው ገቢም ራሱ ጣሪያ አለው። ነገሩ ደስ የሚለው ወላጅ ገና ሳይወልድ ስንት እንደሚከፍል ማወቁ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት «አቅምን ያገናዘበ» ክፍያ ከቤተሰብ ገቢ 7 በመቶ የማይበልጥ ነው ብሎ በ2016 አስቀምጧል። ይሄ ግን መለኪያ ነው፤ ድጎማ የማያገኘውን ቤተሰብ አያስጥልም።

ጀርመን ደግሞ በሕግ መጣች። ከኦገስት 1 ቀን 2013 ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የማቆያ ቦታ የማግኘት መብት አለው። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ላይፕሲግ ከተማ ሦስት እናቶች ቦታ አጥተው ወደ ሥራ ሳይመለሱ ዘገዩ። ከተማዋን ከሰሱ። በ2016 የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ጉድለቱ የከተማዋ ጥፋት ከሆነ ወላጅ ያጣውን ደመወዝ ሊጠይቅ ይችላል ብሎ ወሰነ። መብቱ ጥርስ አበቀለ። ቢሆንም ፍርድ ቤት ተንከባካቢ አያሠለጥንም፤ የሰው እጥረቱ እዚያም አልተፈታም።

የኩቤክ ነገር

ቆም ብለን ልናየው የሚገባ አንድ ቦታ ቢኖር የካናዳዋ ኩቤክ ናት። ደጋፊም ተቃዋሚም እሷን ነው የሚጠቅሰው።

በ1997 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ለአራት ዓመት ልጆች በቀን 5 ዶላር ብቻ የሚከፈልበት ማቆያ ጀመረ። ዕድሜው በየዓመቱ እየወረደ በ2000 ለሕፃናቱ ሁሉ ደረሰ። በ2004 ክፍያው 7 ዶላር ሆነ። እናቶች በብዛት ሥራ ገቡ። ኢኮኖሚስቱ ፒየር ፎርታንና ባልደረቦቹ እንደገመቱት በ2008 በዚህ ምክንያት ሥራ ላይ የነበሩ ተጨማሪ እናቶች 70,000 ይጠጋሉ። እነሱ የሚከፍሉት ግብር፣ መንግሥት ለድጎማው ካወጣው በላይ ነው ሲሉም ደመደሙ። በዚህ ስሌት ላይ ክርክር አለ፤ እናቶቹ ሥራ መግባታቸው ላይ ግን የለም።

ሌላው ወገን ደግሞ ይሄ ነው። በ2008 የታተመ የሦስት ኢኮኖሚስቶች ጥናት ከፖሊሲው በኋላ የኩቤክ ልጆች ከሌላው ካናዳ ልጆች ይልቅ ቁጡና የሚጨነቁ ሆነዋል፣ የወላጆችም ሁኔታ ተባብሷል አለ። ለምን? ብዙዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ጥራቱን ነው። ፈላጊው ባንዴ ጎረፈ፤ በደንብ የሠለጠነ ሰውና ቦታ ግን ባንዴ አይፈላም። ለትርፍ ያልተቋቋሙት ማዕከሎች ጥሩ ነበሩ፣ ቦታቸው ግን አልበቃም። የቀረው በሌላ ዓይነት ማቆያ ገባ፤ እዚያ ጥራቱ በአማካይ ዝቅ ያለ ነበር። ወረፋውም ረዘመ። ወረፋ ደግሞ አድልዎ አለው። በእርግዝና ሦስተኛ ወሯ ልጇን የምታስመዘግበው መረጃ ያላት እናት ናት። በፈረቃ የምትሠራዋ ስትሰማ ቦታው አልቋል።

እኔ ከዚህ የምወስደው ርካሽ ሆነ ማለት ተገኘ ማለት እንዳልሆነ ነው። ዋጋ፣ ቦታና ጥራት ሦስቱም አንድ ላይ ካልተከፈላቸው አንዱ ይጎድላል። ካናዳ በ2021 በአምስት ዓመት እስከ 30 ቢሊዮን ዶላር መድባ በአማካይ በቀን 10 ዶላር የሚከፈልበትን ማቆያ በመላ አገሪቱ ለማዳረስ ስትነሳም ብዙ ቦታ የገጠማት ፈተና ይኸው የቦታና የሰው እጥረት ነበር።

አሜሪካም አንድ ጊዜ ደርሳበት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶቹ ፋብሪካ ገቡ። ከ1943 እስከ 1946 የፌዴራሉ መንግሥት ለሠራተኛ እናቶች ማቆያ ከፈተ፤ ወላጅ የሚከፍለው በቀን 50 ሳንቲም ገደማ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ገንዘቡም አለቀ። በ1971 ሁለቱም ምክር ቤቶች አገር አቀፍ የማቆያ ሕግ አጸደቁ። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዲሴምበር ውድቅ አደረገው፤ ቤተሰብን ያዳክማል የሚል ነበር አንዱ ምክንያቱ። ከዚያ በኋላ 50 ዓመት አለፈ። በኮቪድ ወቅት ማቆያዎች እንዳይዘጉ 24 ቢሊዮን ዶላር ተሰጠ። እሱም በሴፕቴምበር 2023 አበቃ። ሲቸግር ይሰጣል፣ ሲሻል ይነሳል።

ማቆያ ወይስ ትምህርት?

«ለማቆያ ብዙ አልከፍልም፣ ለትምህርት ግን እከፍላለሁ» የሚል ወላጅ አጋጥሟችሁ ይሆናል። መንግሥታትም እንደዚያ ያስባሉ። ማቆያው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ቅድመ መደበኛው በሌላ ይተዳደራል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ይሄን ልዩነት አያውቅም። እየታጠበ ቃል ይማራል፣ እየበላ ተራ መጠበቅ ይማራል። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል በ1837 የመጀመሪያውን መዋለ ሕፃናት ሲጀምር ዋና መሣሪያው ጨዋታ ነበር።

«በሕፃናት ላይ የወጣ አንድ ዶላር ብዙ እጥፍ ይመልሳል» የሚለውን ንግግር ሰምታችሁ ከሆነ ምንጩ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥናት ነው። ከ1962 እስከ 1967 በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ይፕሲላንቲ ከተማ የፔሪ ፕሮጀክት 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለ58ቱ ጥሩ ቅድመ ትምህርት ሰጠ። ከዚያ እስከ 40 ዓመታቸውና ከዚያም በላይ ተከታተላቸው። የተማሩት የተሻለ ገቢ አገኙ፣ ወንጀል ውስጥ የገቡት ጥቂት ሆኑ። የኖቤል ተሸላሚው ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቹ ትርፉን በዓመት ከ7 እስከ 10 በመቶ ገመቱት።

ግን ምን ነበር የተሰጣቸው? አንድ መምህር ለስድስት ልጅ ገደማ፣ ዲግሪ ያላቸው መምህራን፣ በየሳምንቱ ቤት ድረስ ሄዶ እናትን ማነጋገር። ይሄን አንድ ለ20 ከሚያዝበት ክፍል ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። በአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት ወደ 3,000 ልጆችን የተከታተለ ጥናት በ2022 ያወጣው ውጤት ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። የመንግሥት ቅድመ ትምህርት የገቡት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ውጤታቸው ካልገቡት ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ሌላም አለ። የፔሪ ክፍል በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። ለሠራተኛ እናት ይሄ ትምህርት እንጂ ማቆያ አይደለም። ልጁን አድርሳ ወንበሯ ሳይሞቅ መመለሷ ነው። እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋ ነፃ ቅድመ መደበኛ ያለው ወላጅም እንደዚያው ነው፤ ለቀሪው ሰዓት ሞግዚት ይቀጥራል ወይም አያት ይለምናል። እንግሊዝ ለሠራተኛ ወላጆች ከዘጠኝ ወር ጀምሮ በሳምንት 30 ሰዓት ስትሰጥ (ሙሉ በሙሉ የጀመረው በሴፕቴምበር 2025 ነው) ሰዓቱ የሚቆጠረው ትምህርት ቤት ክፍት በሚሆንበት 38 ሳምንት ነው። ዓመቱ ግን 52 ሳምንት አለው።

እስከዚያው ለወላጅ

ፖሊሲ እስኪመጣ ልጁ አይጠብቅም። እኔ ባለፈው ካየሁት ጥቂት ልናገር።

የተጻፈውን ክፍያ ሳይሆን የዓመቱን ድምር አስሉ። ማቆያው በተዘጋባቸው ቀናት ይከፈላል ወይ? ልጁ ታሞ ሲቀርስ? መመዝገቢያ፣ ምግብና ዳይፐር ውስጡ ነው ወይስ ለብቻ? እኔ ርካሹን መርጬ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ስደምረው ከሁለተኛው በላይ ወጣ።

ከሌላ ቤተሰብ ጋር አንድ ሞግዚት መጋራት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። እሷ ከአንዱ ቤት ከምታገኘው የበለጠ ታገኛለች፣ እናንተ ለብቻ ከምትከፍሉት ያነሰ ትከፍላላችሁ። ግን ልጅ ሲታመም ማን እንደሚቀር፣ አንዱ ቤተሰብ ቢተው ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጻፉት። በቃል የተጀመረ ነገር በኩርፊያ ያልቃል።

ስለ መዘግየት ቅጣትም ጠይቁ። በእስራኤል ሐይፋ ከተማ 10 ማቆያዎች ላይ የተሠራና በ2000 የታተመ አስቂኝ ጥናት አለ። በስድስቱ ለሚዘገይ ወላጅ ቅጣት ተጣለ። የሚዘገየው ሰው ቁጥር ቀነሰ? እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ቀድሞ ወላጅ ተንከባካቢዋን ላለማስቸገር ይሮጥ ነበር። አሁን ከፍሎ የሚገዛው አገልግሎት ሆነለት። ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም የድሮው ይሉኝታ አልተመለሰም።

ለመጎብኘት ስትሄዱ ረፋድ ላይ አትሂዱ፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ያምራል። ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሂዱ። ጠዋት የገቡት ሠራተኞች ወጥተዋል፣ ሁሉም ልጅ አንድ ክፍል ተሰብስቧል፣ ደክሞታል። ያኔ ልጆቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ ትልልቆቹን ሰዎች ቁጠሩ። ተንከባካቢዎቹን ደግሞ እዚህ ስንት ጊዜ እንደሠሩ በየተራ ጠይቋቸው። አብዛኞቹ «ወር ሊሞላኝ ነው» ካሏችሁ፣ ሌላም ቦታ ሄዳችሁ እዩ።